ሰሃን ባዶውን የማይመልሱት ሰው

ጋሽ አስራት ያረፉ ዕለት ፎቶግራፋቸውን ያጎላሁት እኔ ነኝ። የእድራችን ጸሐፊ ቀራንዮ ሰፈር ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት በጠዋት መጣና ስልኩን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ቤታቸው ውስጥ ከመታወቂያቸው ሌላ የተገኘው ፎቶ ይኸው ብቻ እንደሆነ፣ ለቀብሩ እንዲደርስ በትልቁ እንዳትምለት ነገረኝ። "አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ ቁረጠውና እሳቸውን ብቻ አድርገው" አለኝ። ሰውዬው እኔ መሆኔን አላወቀም። አሥር ዓመት ብዙ ነገር ይወስዳል፤ ከእኔ በተለይ ፀጉሬን ወስዷል።

ፎቶው ላይ ጋቢ ለብሼ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ እስቃለሁ። ከኋላችን የቆርቆሮ በር ይታያል፤ በሩ ላይ ሰሃን የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ጋሽ አስራት ካሜራውን አያዩም፤ መዳፋቸውን ነው የሚያዩት። ራሴን ቆርጬ ጣልኩ። ትከሻቸው ላይ የቀረችውን እጄን ግን በኮምፒውተር ለማጥፋት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሷን ሳጠፋ እንባዬ መጣ። ጸሐፊው ዘመዳቸው መሰልኩትና "እግዜር ያጥናህ" አለኝ።

ጋሽ አስራት ዘነበወርቅ አካባቢ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅም ስለሆኑ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ያጥራቸዋል። አላገቡም። ሰው ሲያናግሩ ዓይኑን አያዩም፤ የገዛ መዳፋቸውን እያዩ፣ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር እንደሚያነቡ ሆነው ነው የሚናገሩት። ተማሪ ሆነን ይህን እያስመሰልን እንስቅባቸው ነበር። እኔ ሰው ማስመሰል ሲፈጥረኝ ይዤው የመጣሁት ነገር ነው፤ ጋሽ አስራት ለቲያትር እንዲያስቡኝ ያደረገም፣ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በሰሃን ነው። ከጎረቤት ምግብ ይዞ የመጣ ሰሃን ባዶውን ከቤታቸው አይወጣም። ይህ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ እናቴም ታደርገዋለች። የእሳቸው ግን ከልማድ አልፎ ጭንቀት ነበር። አንድ ቀን የሰው ሰሃን አጥበው ቤታቸውን ቢፈትሹ የሚጨምሩበት ነገር አጡ። በዚያ በሐምሌ ዝናብ እስከ ሱቅ ወርደው፣ ሁለት ሎሚ ገዝተው፣ እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። "ጋሼ፣ ሰሃኑ ባዶውን ቢሄድ ይታመማል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ሎሚዎቹን በኮታቸው ጠርገው ሰሃኑ ላይ አስቀመጡና ራሳቸው ይዘውት ሄዱ።

ሰሃኑ አብዛኛውን ጊዜ የእማማ ወርቄ ነው። እማማ ወርቄ ከእሳቸው ሦስት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ ቅመም ሲነግዱ ያረጁ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሰሎሞን ይባላል። ወጣት ከየቤቱ እየተለቀመ በሚታሰርበት በዚያ ዘመን ወስደውት አልተመለሰም። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም አይደብቁም። ሲያወሩት አያለቅሱም። ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ነገር ነው። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ምሳ ይዘው እስር ቤቱ በር ይሄዱ እንደነበር፣ ሰሃኑም ተጠርጎ እንደሚመለስላቸው ይናገሩና "ምንም ቢሆን አራት ወር ከእጄ በልቷል" ይላሉ። ያቺን አራት ወር ሌላው ሰው የልጁን ዲፕሎማ እንደሚይዝ ይዘዋታል።

ለመስቀል ክትፎ፣ ለገናና ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ለጋሽ አስራት ይልካሉ። ጋሽ አስራት ተቀብለው ይመርቃሉ እንጂ አይቀምሱትም። እኔ እዚያ ቤት ካለሁ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ብላ" ይሉኛል። እርስዎስ ስላቸው ጨጓራቸውን ያመካኛሉ። እኔም የሚያስመካኝ ጨጓራ ስላልነበረኝ ጥርግ አድርጌ እበላለሁ። ስበላ ያዩኝ ነበር፤ መዳፋቸውን ትተው ሰው ሲያዩ ያገኘኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ተውኔታቸውን ስንት ዓመት እንደጻፉት አላውቅም። ሰባት ሆነን ላቋቋምናት የሰፈር የቲያትር ክበብ ሲያመጡልን ደብተሩ ጠርዙ አልቆ ነበር። "ደጁ" ይባላል። አንድ ትልቅ ግቢ አለ። ጌታው ውስጥ ናቸው ይባላል፤ ያያቸው ሰው ግን የለም። የአገሩ ሰው በየቀኑ ምግብ ይዞ ወደ በሩ ይመጣል። ከቀዳዳው ሁለት እጆች ይወጡና ሰሃኑን ይቀበላሉ። ጥቂት ቆይተው ባዶውን ይመልሳሉ፤ አንድ ድምፅም "በልተዋል" ይላል። ሰዉ ደስ ብሎት ይሄዳል። ውሎ አድሮ ጌታው የሚወዱት የጾም ነው የሚሉና የፍስክ ነው የሚሉ ተከፋፍለው ይጣላሉ፣ ይፈነካከታሉ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ከደጁ ያባርራል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀርታ ጌታውን አሳዩኝ ትላለች። ያኔ ከበሩ ኋላ ያለው ድምፅ "ጌታው የሉም፤ የበላሁት እኔ ነኝ" ይላትና ባዶ ሰሃኗን በሁለት እጁ ያወጣላታል። ሴትዮዋ ዝም ብላ ወደ ተመልካቹ ትዞራለች፤ በዚያው ያልቃል። የምትመልሰው አልተጻፈም። ለምን እንዳልጻፉት ስጠይቃቸው "እሷ ናት የምታውቀው" አሉኝ።

በረኛውን የምጫወተው እኔ ነበርኩ።

ልምምዱን የምናደርገው በእድሩ አዳራሽ፣ በተጠቀለለ ድንኳንና በተደራረበ አግዳሚ ወንበር መሃል ነው። የቆርቆሮውን በር ጋሽ አስራት ከቆራሌ ገዝተው ራሳቸው ቀዳዳውን ቆረጡት። ቁመቱን ሦስት ጊዜ አፈረሱት። አንዴ ከፍ ብሏል፣ አንዴ ዝቅ ብሏል ይላሉ፤ የሚለኩት በሜትር ሳይሆን እጃቸውን አውጥተው ዓይናቸውን በመጨፈን ነው። እኛ እየተጠቃቀስን እንስቅ ነበር።

ወሬው ቶሎ ተሰማ። ከወረዳ አንድ ሰው መጥቶ ጌታው መንግሥት እንደሆነና እንዳልሆነ እንዲነገረው ጠየቀ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ አገልጋይ መጥተው፣ ጌታው እግዚአብሔር ከሆነ "የሉም" መባሉ ክህደት ነው አሉ። ከፕሮቴስታንቶቹ በኩል የመጣው ወጣት ሰባኪ ደግሞ እጆቹ የእነሱን መባ ሰብሳቢዎች ለመንካት የገቡ መስሎት ቅር ብሎታል። ጋሽ አስራት ለሦስቱም መልሳቸው አንድ ነበር። እያንዳንዳቸውን በየተራ ከበሩ ኋላ አቁመው፣ ሰሃን አስይዘው፣ እጃቸውን በቀዳዳው አውጥተው "በልተዋል" እንዲሉ ለመኑ። ሦስቱም አሉ። የወረዳው ሰው ሁለት ጊዜ ደገመው። ከበሩ ኋላ ሲወጡ ምንም ሳይጠይቁ ነው የሄዱት።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደጉ ብቻ ምንም አልጠየቁም። ወንበር እንዳንሰብር አስጠንቅቀው አዳራሹን በነፃ ፈቀዱልን። አቶ ደጉ ከመናገራቸው በፊት ጋቢያቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ሁለት ጊዜ ጎተት ያደርጋሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ "እንግዲህ ወገኖቼ" ብለው ረዘም አድርገው ይጀምራሉ። ሰፈር ውስጥ ይህን የማያስመስል ልጅ አልነበረም። እንደ እኔ አድርጎ የሚያስመስል ግን አልነበረም።

ከጋሽ አስራት ጋር የተጋጨሁት በእጅ ጉዳይ ነው። ስድስት ወር ለፍቼ ተመልካቹ ከእኔ የሚያየው ሁለት እጅ ብቻ መሆኑ አንገበገበኝ። እናቴ መጥታ የትኛው እጅ የኔ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው እንዴ አልኳቸው። ድምፄም እንዲሁ ነው፤ "በልተዋል"ን ትንሽ ሳሳምረው ያስቆሙኛል።

"ድምፅህን አትቀባው" ይሉኛል። "ውሃ ስጠኝ እንደምትል አድርገህ በለው።"

"ጋሼ፣ እንደዚያማ ከሆነ ማንም ይለዋል።"

"እኔስ ምን አልኩ?"

በሩን ከፍቼ ብወጣ፣ ፊቴ ቢታይ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ስለምናቸው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና "ሰው ፊት ካየ፣ ማን ነው ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እጅ ብቻ ካየ የራሱን ያያል" አሉኝ። የገባኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ያሳየነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ከሰዓት ነው። ጋሽ አስራት ጢማቸውን ተላጭተው፣ እማማ ወርቄን ክንዳቸውን ይዘው አመጧቸውና ከፊት መስመር፣ ልክ ከቀዳዳው ትይዩ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው "ዛሬን ብቻ እንደነገርኩህ አድርግልኝ" አሉኝ። ችግር የለም ጋሼ አልኳቸው። እንደዚያ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን "በልተዋል" እንደነገሩኝ አልኩት። አዳራሹ ጭጭ አለ። በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ እማማ ወርቄ ወገባቸውን ከወንበሩ አላቀው፣ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ወደ በሩ አዘንብለዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አልሰማ ብሏቸው ነው አልኩ በሆዴ። ሰዉም ዝም ያለው ስለደበረው መሰለኝ። ያ ዝምታ ምን እንደነበር የማውቀው አሁን ነው፤ ያኔ ግን ዝምታ ለእኔ ውርደት ነበር። ሁለተኛው ተራ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁና በአቶ ደጉ ድምፅ "እንግዲህ ወገኖቼ፣ በልተዋል" አልኩ። አዳራሹ ፈነዳ። ሦስተኛው ላይ ማን ይያዘኝ። ጋቢ ደረብኩ፣ በሩን በእርግጫ ከፍቼ ወጣሁ፣ ወደ ግራ ትከሻዬ ሁለት ጊዜ ጎተት አደረግሁት። "የበላሁት እኔ ነኝ" ስል ሰዉ እግሩን እየመታ ሳቀ፣ አፏጨ። አቶ ደጉ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እማማ ወርቄም ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ፎቶው የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ጋሽ አስራት አልተቆጡኝም። "እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ጨበጡኝ። አቶ ደጉ ለመስቀል እንዲደገም ጠየቁ፣ ከወረዳም ሌላ አዳራሽ እንስጣችሁ ተባልን። ጋሽ አስራት ግን ደብተሩን ይዘው ሄዱና ከዚያ ወዲህ "ደጁ" የሚባል ነገር አላነሱም። ክበባችን ፈረሰ። እኔም ነገሩን በቀላሉ የማልፍ ሰው ስላልሆንኩ፣ ሽማግሌው ጭብጨባው የእኔ በመሆኑ ቀንተውብኝ ነው እያልኩ ዓመታት አወራሁ። ያላልኩበት ቤት የለም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን ያነሱልኝ ነበር፤ እኔ ስልኬን አያለሁ። ዛሬ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ገና ስልክ አስደወሉልኝ። ስገባ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው የሚመስለው። የእማማ ወርቄ የገና ዶሮ ወጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። "ብላ" አሉኝ፣ አሥር ዓመት እንዳልተለያየን። በላሁ። ስጨርስ መዳፋቸውን እያዩ ነገሩኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጠመንጃ ሰጥተው የእስር ቤቱ በር ላይ አቆሙኝ። ሰሎሞን የተገደለው በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። እናቱ በአራተኛው ቀን ምሳ ይዘው መጡ። ከእንግዲህ አይምጡ ማለት ነበረብኝ። ርቦኝ ነበር ዳዊት። በልቼ ሰሃኑን በቀዳዳው መለስኩላቸው። በላ ወይ አሉኝ። በልቷል አልኳቸው። መረቁኝ። በማግስቱም መጡ።"

"አራት ወር?" አልኳቸው።

"አራት ወር።"

እማማ ወርቄ ያኔ ፊታቸውን አይተውት እንደማያውቁ፣ በዚያች ቀዳዳ ያዩት እጃቸውን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። አስተማሪ ሆነው ወደዚህ ሰፈር መመደብን የለመኑት ሊነግሯቸው ነበር። ከሰላሳ ዓመት በላይ በራቸው ድረስ እየሄዱ ሰሃን መልሰው መጡ እንጂ አፋቸው እሺ አላለም። ተውኔቱን የጻፉት ለዚህ ነው፤ መንግሥቱም ሃይማኖቱም ገብቶበታል፤ እሳቸው ግን የጻፉት ለአንዲት ሴት ነው። እማማ ወርቄ እንዲመልሱላቸው የፈለጉትን ቃል ባዶ ትተውት ነበር።

"የመጀመሪያዋን ስትል ለይተውት ነበር" አሉኝ። "አይቻቸዋለሁ።"

እኔም በቀዳዳው አይቻቸው ነበር። ታዲያ ለምን አልደገሙትም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከሳቁ በኋላ እንደገና ላስለቅሳቸው አቅም አጣሁ። ያንተ ጥፋት አይደለም።" ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከትራሳቸው ስር አውጥተው ሰጡኝ። "ስሞት አንብብላቸው። ድምፅህን ሳትቀባ።" አነባለሁ አልኳቸው፤ አሁንም ማለት ቀላል ነበር።

በጥር አረፉ። ቀብሩ በወጣ በሳምንቱ ቤታቸውን ስናጸዳ የገናው ሰሃን ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። እሱን በእጄ፣ ደብተሩን በብብቴ ይዤ ወደ እማማ ወርቄ ወረድኩ። ከደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱን ሁሉ ከየት እንደምጀምር ሳሰላ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበርና፣ ሰሃኑን በሁለት እጄ ሳቀብላቸው ነው ባዶ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

እሳቸውም አዩት። "አስራት ባዶውን መልሶልኝ አያውቅም" አሉ። ቅር ብሏቸው አይደለም፤ መሄዱ ያኔ የገባቸው ይመስላል። ሰሃኑን አገላበጡት። "እግዜር አይነሳ። ሰሎሞን አራት ወር ከእጄ በላ። ሲሄድብኝ ደግሞ እግዜር አስራትን ሰጠኝ። ስንት ዓመት በላልኝ።" ቀና ብለው አዩኝ። "የገናውንስ በላው ወይ? ታሞ ነበር፤ አፉ እሺ አለው?"

ደብተሩ ብብቴ ውስጥ ነው። እሱን ከከፈትኩ የጋሽ አስራትን ብቻ ሳይሆን ያቺን አራት ወር እንደምወስድባቸው አውቃለሁ። የገናውን የበላሁት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለውንም ብዙውን። ቃል ገብቼ ነው የመጣሁት። እማማ ወርቄ ወገባቸውን ከወንበሩ አላቀው፣ ያን ቀን እንዳየኋቸው ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

"በልተዋል" አልኳቸው።

ውሃ ስጠኝ እንደሚባለው ነው ያልኩት፣ ሳልቀባው። ጋሽ አስራት ስድስት ወር ሙሉ ለምነውኝ የነፈግኋቸው ድምፅ እሱ ነበር። እማማ ወርቄ ባዶውን ሰሃን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።